በግራዋ ተቀምጬ

በመንደራችን የሚጠሩኝ በስሜ አይደለም። ስሜ ስማቸው ነው፤ እነሱ ግን «የአይጥ ሐኪም» ይሉኛል። ስሙን ያወጡልኝ የእናቴ ታናሽ ወንድም አያ አንማው ናቸው። ከዓመታት በፊት ሥራዬን ጠይቀውኝ፣ ነጫጭ አይጦች እየቀለብሁ የአንጎል በሽታ አጠናለሁ ስላቸው ትክ ብለው አዩኝና፣ «እኛ እህላችንን ኸአይጥ ለማዳን ድመት እንለማመጣለን፤ አንተን ደሞ ደመወዝ ኸፍለው አይጥ ያስቀልቡሃል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ላይ ሲያገኙኝ ከእኔ ጤና በፊት የሚጠይቁት የአይጦቼን ጤና ነው።

አልቀየማቸውም። ደግሞም የምሠራው እሱኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ፣ ሲያረጁ የመርሳት በሽታ እንዲይዛቸው ሆነው የተዳቀሉ አይጦችን ጠባይ አጠናለሁ። አይጧን ውኃ የሞላ ሰፊ ገንዳ ውስጥ እለቃታለሁ፤ ከውኃው ሥር የተደበቀች አንዲት መቆሚያ አለች። ጤነኛዋ ከጥቂት ሙከራ በኋላ መቆሚያዋ የት እንዳለች ታስታውሳለች፤ በሽተኛዋ በየቀኑ እንደ አዲስ ትፈልጋለች። እኔ ሰዓት ይዤ እጽፋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የአንጎላቸው አንድ ወገን የተጎዳ አይጦች ወደ የትኛው ጎን ስንት ጊዜ እንደሚዞሩ ስቆጥር ነው የኖርሁት። በአጭሩ፣ እንስሳን አይቶ በማወቅ የሚበልጠኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ይህን ትዕቢቴን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ የሆነው በሰኔ፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ነው። እኅቴ ጥሩዬ ደወለችልኝ። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብላ ባለች ቀበሌ ውስጥ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ እናታችን መንኩሳ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ በተሠራችላት አንዲት ክፍል ቤት ትኖራለች። ትልቁ ቤት የጥሩዬና የባለቤቷ ነው።

«ስማቸው፣ እማ ደኅና አይደለችም» አለችኝ። «ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መንገድ እየጠፋባት ነው። ትናንት ወንዙ ዳር ቆማ አገኟት። ውኃው ደግሞ መሙላት ጀምሯል።»

እማሆይን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ዳዊቱን መጽሐፍ ሳትገልጥ የምትደግም፣ የመንደሩን ሰው ክርስትናና ሙት ዓመት በሙሉ በቃሏ የያዘች ሴት ናት። ከሁለት ወር በፊት እንኳ በስልክ ሳወራት፣ ባለፈው ዓመት የገባሁላትን ቃል ከነቀኑ ጠቅሳ ወቅሳኛለች። አሁን ሳስበው ያ ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። የእኔ በሽታ፣ ማለቴ የማጠናው በሽታ፣ ሰውን በሁለት ወር አይጥለውም። እኔ ግን ወሬውን እንደሰማሁ ስሙን አወጣሁለት፤ ስም ካወጡ በኋላ ማሰብ ይቀራል።

መንገዱ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። የተከፈተበትን ቀን ጠብቄ መጣሁ።

ስደርስ ረፋድ ላይ ነው። እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣለች። በቀኟ በኩል ጥሩዬ ቆማለች፤ በሩ ያለው በግራዋ ነው። ጎንበስ ብዬ ግራ ትከሻዋን ሳምሁና በበሩ በኩል ካለው የመደቡ ጫፍ ተቀመጥሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ቦታ የእናቴ ግራ ጎን ነው።

«እግዜር ይባርክህ» አለች። ዞራ አላየችኝም፤ ለመንገደኛ ሁሉ የምትለውን ነው ያለችኝ። ከዚያ ወደ ጥሩዬ ቀና ብላ፣ «ስማቸው እመጣለሁ አላለም? መኪና አጥቶ ይሆን?» ብላ ጠየቀቻት።

ጥሩዬ እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አልሁ ቀስ ብዬ።

ጥሩዬ ወዳለችበት እየዞረች፣ «ድምፁስ የልጄን ይመስላል» አለችና ወደ መቁጠሪያዋ ተመለሰች።

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያን ቀን እናቴ ፊት ተቀምጬ እናት እንደሞተችበት ሰው አለቀስሁ። ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ፣ ሌላ መላ ሲጠፋኝ የማደርገውን አደረግሁ፦ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

«የቅርብ ቤተሰብ አለመለየት» ብዬ ጻፍሁ። ምሳ ቀረበ፤ የገበታዋን እኩሌታ በልታ ሌላውን ተወችው። «የምግብ ፍላጎት መቀነስ።» ወደ ደጅ ስትወጣ የግራ እግሯ ጫማ ወልቆ ቀረ፤ ሳታውቅ በአንድ እግር ጫማ ሄደች። «ግድ ማጣት።» ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዶ ጭቃ ሲጠርግ ዝም አለች። እሱንም ጻፍሁት። በማግስቱ እዚያችው ቦታዬ ላይ ተቀምጬ፣ «ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ጃንጥላ፤ እነዚህን ሦስቱን ያዢልኝ» አልኋት። ትንሽ ቆይቼ ስጠይቃት ሎሚን ብቻ አስታወሰች። ራሷን ያማት እንደሆነ ስጠይቃት ደግሞ፣ «የመነኩሴ ራስ መች ደኅና ይሆናል» ብላ አሳቀችን። ሳቄ ሳያልቅ ደብተሬን ዘጋሁ።

ጥሩዬን ወደ ጓሮ ወስጄ ነገርኋት።

«የመርሳት በሽታ ነው። እያደር ይብስባታል እንጂ አይሻላትም።»

«ሐኪም ቤት አንወስዳትም? ፍኖተ ሰላም እኮ ቅርብ ነው።»

«ምን ሊሏት? መድኃኒት የለውም። በዚህ ዕድሜዋ ለምን እናንገላታታለን? ጥሩዬ፣ እኔ ኑሮዬ ይኸው በሽታ ነው።»

እኅቴ በመቀነቷ ዓይኗን ጠረገችና፣ «አንተ ካልህማ» አለች።

ይህቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ጥሩዬ ለአንድም ሐኪም እንደዚያ በቀላሉ እሺ የምትል ሴት አይደለችም። ለእኔ ግን አለችኝ፤ ወንድሟ ነኝ፣ ደግሞም የተማርሁ።

ከዚያ የባሰውን ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ወርጄ ትልቅ የብረት ቁልፍ ገዛሁ። ጥሩዬ ለሥራ ስትወጣ የእናቴን በር ከውጭ እንድትቆልፍ ነው፤ ወንዙን ፈርተን። በዕድሜዋ ሙሉ ኪዳን ያላመለጣትን ሴት ቆልፌባት ልሄድ ነበር። ደግሞም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቁልፉን በደንብ መርጬ ነው የገዛሁት።

በሦስተኛው ቀን ጧት ሻንጣዬን አሰናዳሁ። ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ የሚነሣ መኪና አለ ተብሏል። አያ አንማው ሊሸኙኝ መጡ። ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በግ ሲያረቡ፣ ሲገዙና ሲሸጡ፣ እስከ አዊ ገበያ ድረስ ወርደው ባዊኛም ባማርኛም ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የበግ ነገር የቸገረው ሁሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው።

ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል የአይጦቼን ጤና አልጠየቁኝም። ያኔ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«እኔ እንግዲህ የበግ ሰው ነኝ» አሉ በትራቸውን ተደግፈው። «በተማረ ሰው ፊት አፍ መክፈቴ ድፍረት ነው። ግን ካልኸፋህ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ይጠይቁኝ እንጂ አያ።»

«አይጦችህ ሲረሱ ባንድ ጎን ብቻ ነው የሚረሱ?»

አልገባኝም። እሳቸው ግን ወደ ግቢው በር አመለከቱኝ። እናቴ ለኪዳን ወጥታ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ከቤታችን በላይ መንገዱ ለሦስት ይከፈላል፦ ፊት ለፊት ቤተ ክርስቲያኑ፣ በስተቀኝ ወንዙ፣ በስተግራ የገበያው መንገድ። ጥሩዬ ልትከተላት ስትል አያ አንማው በእጃቸው አቆሟት። ሦስታችንም ቆመን አየናት። መገንጠያው ላይ ስትደርስ እናቴ ወደ ቀኝ ታጠፈች።

«ትናንትስ ወዴት ነበር?» አሉ አያ አንማው።

«ወደዚያው» አለች ጥሩዬ። «ሁልጊዜ ወደ ወንዙ ነው።»

«ወደ ገበያው መንገድ ጠፍታ ታውቃለች? አንድ ቀን እንኳ?»

ጥሩዬ አሰበች። «የለም» አለች። «አንድ ቀንም።»

አያ አንማው ወደ እኔ ዞሩ። «አዙሪት የያዘው በግ ታውቃለህ አይደል? ኸመንጋው ተነጥሎ ይዞራል። ወደ ቀኝ ኸዞረ ሁልጊዜም ወደ ቀኝ ነው። በግራው በኩል ለምለም ሣር ብታቀርብለት አያየውም። እኔ ሳርደው ራስ ቅሉን እከፍተዋለሁ፤ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ተቀምጦ አገኛለሁ። ወደ ቀኝ ይዞር የነበረው ኸሆነ፣ ከረጢቱም በቀኝ ነው። ስንቱን ከፍቼ አየሁት መሰለህ። ያረጀ በግም አውቃለሁ። ያረጀ በግ ይፈዛል፣ ኋላ ይቀራል፤ ጎን ግን አይመርጥም። እትዬን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሳያት ከረምሁ፤ ይኸ እርጅና አይደለም ልጄ። ስትመጣ ታየዋለህ ብዬ ዝም አልሁ።»

ስትመጣ ታየዋለህ ብዬ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሁለት ዓመት የአይጥ ዙር ቆጥሬ የተመረቅሁ ሰው ነኝ እኮ። የተወችው የገበታ እኩሌታ የግራው ነበር። የወለቀው ጫማ የግራው፤ የወረደው ነጠላ ከግራ ትከሻዋ። ሁሉንም አይቻለሁ፣ ሁሉንም ጽፌያለሁ፤ የትኛው ጎን እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አልጻፍሁም። እኔም ሁለቱን ቀን የተቀመጥሁት በግራዋ ነው።

ሮጥሁ። ከወንዙ መንገድ ላይ ደረስሁባትና በቀኟ በኩል ዞሬ ቆምሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ በራ።

«ስማቸው! መቼ መጣህ?» አለችና ጉንጬን ያዘችኝ። «ምነው እንዲህ ከሳህ? ጥሩዬ እህል አቀመሰችህ?»

አንገቷ ሥር ገብቼ አለቀስሁ። እናቴ አልረሳችኝም ነበር። ከዓለሟ ግራው ወገን ጠፍቶ፣ እኔ እዚያ ተቀምጬ ነው።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ ፍርሃቱ ተከትሎ መጣ። ግራውን ያጠፋባት ነገር ያለው በአንጎሏ ቀኝ ወገን ነው። ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ ደም ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ጭንቅላቱን ቀለል ያለ ነገር ሲመታው ትንሽ የደም ሥር ትበጠስና፣ ደሙ ከራስ ቅሉ በታች በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፤ አንጎሉን ተጭኖ ተጭኖ አንድ ቀን ሰውየውን አስተኝቶት ይቀራል። ደሙን በጊዜ ካወጡት ግን ሰው ይድናል። ስለዚህ ወደ ቤት መልሼ አስቀመጥኋትና፣ ማወቅ የፈለግሁትን አንድ ነገር ጠየቅኋት።

«እማ፣ በዚህ በሁለት ወር ውስጥ ራስሽን መትቶሽ ያውቃል?»

አንገቷን ደፋች። «ምንም አልሆንሁ።»

ጥሩዬም ሲመታት አላየችም። አያ አንማው ግን አንገቷን ስትደፋ አዩና፣ «ኸንስሐ አባቷ ጋ ሂድ» አሉኝ።

መምሬ ወርቁን ከኪዳን ሲወጡ አገኘኋቸው። የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው። መስቀላቸውን ተሳልሜ ጭንቀቴን ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ኸንስሐ ልጄ በጆሮዬ የሰማሁትን አልነግርህም። ብትለምነኝም አልነግርህም።»

«መምሬ፣ ሕይወቷ ነው።»

«ቆይ፣ አልጨረስሁም። በዓይኔ ያየሁትን ግን ማንም አደራ አላለኝም። የስቅለት ዕለት፣ ስግደቱ ሊያልቅ ሲል፣ እማሆይ ስትነሣ ነጠላዋን ረግጣ ወደቀች። የምሰሶው ጥግ ቀኝ ግንባሯን መታት። ደግፈን እናስቀምጣት ስንል ብድግ ብላ ስግደቷን ቀጠለች። ለፋሲካም ግንባሯን እስኸ ቅንድቧ ሸፍና መጣች። እኔ ያየሁት ይኸን ነው።»

ለምን እንደደበቀችው ለአገሬ ሰው መንገር አያሻኝም፤ ለሌላው ግን ልንገር። ወደቅሁ ብትል፣ የት ወደቅሽ ይሏታል። ስሰግድ ካለች፣ ስንት ሰግደሽ ይሏታል። እናቴ የሰገደችውን በአፏ ካወራችው እንደ ባከነ ነው የምትቆጥረው። ስለዚህ ከልጆቿም ከጎረቤቷም ሸሽጋ፣ በየቀኑ የራስ ምታቷን ይዛ ዝም አለች።

ሐኪም ቤት እንሂድ ስንላት እንቢ አለች። «የስግደት ምልክቴን በየሐኪሙ ፊት አልገልጥም። ተዉኝ» ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ጥሩዬ ለመነች፣ እኔ ለመንሁ፣ አያ አንማው ተቆጡ። የሰማን የለም። በመጨረሻ መምሬ ወርቁ በሩ ላይ ቆሙ።

«እማሆይ፣ ሌላ ጊዜ ስግደት ነበር የማዝዝዎ። ዛሬ ቀኖናዎ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። እኔ አዝዣለሁ።»

እናቴ ተነሣች። የግራ እግሯን ጫማ ጥሩዬ አጠለቀችላትና መንገድ ጀመርን።

በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ደረስን። ወጣቱ ሐኪም ዓይኗን ጨፍና ሁለት እጇን ወደ ፊት እንድትዘረጋ አደረጋት። ቀኝ እጇ ቆመ፤ ግራው ቀስ እያለ ወረደ። እኔ ሁለት ቀን አጠገቧ ስቀመጥ እጅሽን ዘርጊ አላልኋትም። ሐኪሙ ወዲያው ወረቀት ጻፈ። «ራስ ቅሏ ውስጥ መታየት አለበት። መሣሪያው ባሕር ዳር ነው፤ ዛሬውኑ ሂዱ» አለና አምቡላንስ አስጠራልን።

የመጣንበትን መንገድ ተመልሰን፣ የመንደራችንን መገንጠያ አልፈን ቡሬ ስንደርስ አስቆሙን። ከፊት መንገዱ ሊዘጋ ነው ተባለ። መኪኖች ተደርድረዋል። እናቴ እስከዚያ ድረስ አልፎ አልፎ ታወራ ነበር፤ ቡሬ ላይ አስመለሳትና ዝም አለች። ስጠራት ዓይኗን ከፍታ ትከድናለች። ጥሩዬ ግንባሯን ይዛ ትጸልያለች። እኔ የማውቀው የአንጎል ነገር ሁሉ በአንዴ መጣብኝ፤ በእያንዳንዷ ደቂቃ ምን እየሆነ እንዳለ ሥዕሉ ይታየኛል። ያን ቀን አለማወቅን ተመኘሁ።

አያ አንማው ሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ወረዱና በትራቸውን ይዘው ወዳስቆሙን ሰዎች ሄዱ። የተመለሱት አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ነው። ምን ብለው እንዳናገሯቸው ዛሬም አልነገሩኝም፤ ብቻ በሩን ዘግተው፣ «ንዳ» አሉት ሾፌሩን።

እንጅባራን በጭጋግ ውስጥ አለፍነው። እናቴ እያንኮራፋች ነው፤ ጤነኛ እንቅልፍ አይደለም። እጇን ይዤ፣ «እማ፣ ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ጃንጥላ። እማ፣ እባክሽ» እላታለሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

አያ አንማው ወደ ኋላ ዞረው አዩኝና፣ «ተዋት ትተኛ፤ አይጥህ አይደለችም» አሉኝ። እሳቸውም ፈርተዋል።

ባሕር ዳር ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ፎቶው ተነሣ። ሐኪሙ ሳይነግረኝ በፊት አየሁት፦ በቀኝ በኩል፣ ራስ ቅሏን ተከትሎ የተኛ የደም ግማሽ ጨረቃ፣ አንጎሏን ወደ ግራ ገፍቶታል። አያ አንማው ከኋላዬ አንገታቸውን አሰገጉ።

«የቱ ነው ቀኙ?» አሉ።

አሳየኋቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «በግ ቢሆን መድኃኒቱ ቢላ ነበር» አሉ።

«የሷም ቢላ ነው፤ ግን ትድናለች» አላቸው ቀዶ ሐኪሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «ነገ ቢሆን ኖሮ ይህን አልልህም ነበር» አለኝ።

እንዳሰብሁት ቢሆን ነገ እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ። እናቴ ደግሞ በተቆለፈ ቤት ውስጥ።

ራስ ቅሏ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ከፍተው ደሙን አወጡት። እሷ ውስጥ እያለች ሦስታችን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ጥሩዬ አንድም ጊዜ «አንተ ነበርህ እኮ አያስፈልግም ያልህ» አላለችኝም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ጧት እንድንገባ ተፈቀደልን። እናቴ ራሷ ተጠቅልሎ ጋደም ብላለች፤ ዓይኗ ተከድኗል። ጥሩዬና አያ አንማው በቀኟ በኩል ቆሙ። እኔ አልጋውን ዞሬ በግራዋ ተቀመጥሁ። ለምን እዚያ እንደተቀመጥሁ ጥሩዬ ገብቷታል፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቃል አልተናገርሁም፤ አልነካኋትም። እንዲያው ተቀመጥሁ።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ጥሩዬን አየች፣ ቀጥላ ወንድሟን። ጣሪያውን አየች። ከዚያ አንገቷ ቀስ እያለ ወደ ግራ ዞረ።

«አንተ ደሞ» አለችኝ፣ «ምነው እዚያ ለብቻህ ተቀመጥህ?»

አያ አንማው በትራቸውን ጥለው ግድግዳው ላይ ተደግፈው አለቀሱ። እንደ ልጅ ነው ያለቀሱት።

ይኸው ነው ገጠመኜ። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምን ተለወጠ ብትሉኝ ብዙ ነገር እላችኋለሁ። ዛሬም አይጦቼን አያለሁ፤ ሥራዬን ከድሮው አብልጬ እወደዋለሁ። ግን አንድ አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምልከው አይጦቹን ወደሚመግቡትና ጎጇቸውን ወደሚያጸዱት ሴት ነው። «ምን አዲስ ነገር አየሽ? ብለህ ጠይቃት፤ ከዚያ ወደ እኔ ና» እለዋለሁ። በመጀመሪያው ወር ብቻ፣ እኔ በመሣሪያ ያላየሁትን ሁለት ነገር ነግራናለች። እናንተም እናት አባታችሁ ድንገት ጠባያቸው ሲለወጥ «እርጅና ነው» ብላችሁ እንዳታልፉ። የተማረ ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ልጃችሁ እንደ እኔ ስም ለማውጣት ከቸኮለ፣ አንድ የበግ ሰው ፈልጋችሁ አስጠይቁት።

በእኛ ሙያ የጥናት ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የሚመሰገኑ ሰዎች ስም ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ባሳተምሁት የመጀመሪያ ጽሑፍ ላይ የአያ አንማውን ስም አኖርሁት። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። ፊደሉ የባዕድ ስለሆነ በጣቴ ጠቆምሁላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲህ ስሜን ኸአይጥ ጋራ ጻፍኸው» አሉኝ። በሳምንቱ ጥሩዬ ደውላ እንደነገረችኝ ግን፣ ወረቀቱን በኪሳቸው ይዘው ቡሬ ገበያ ላይ ሲያሳዩ ውለዋል።

መምሬ ወርቁን አመስግኛለሁ፤ የፍኖተ ሰላሙን ወጣት ሐኪምና የባሕር ዳሩን ቀዶ ሐኪም አመሰግናለሁ። ጥሩዬን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ «በል ተወው፣ ቁልፉን ግን ተውልኝ» አለችኝ። ዛሬ እህል ቤቷን ትቆልፍበታለች። ለአይጥ ነው ትላለች።

እናቴ ዛሬም ኪዳን አያመልጣትም። ወደ ቤት በሄድሁ ቁጥር ከበሩ በኩል፣ በግራዋ፣ ከጥንቱ ቦታዬ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ሆን ብዬ ድምፄን አጥፍቼ ነው የምገባው። እሷ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ትንሽ ታስጠብቀኛለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች።

«አየሁህ» ትለኛለች። «አየሁህ፤ ይልቅ ጫማህን አውልቅና ግባ።»